«መቼ ትመለሳለች?» አልኳት

የኔ እህት፣

አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ቆጥሬዋለሁና አንቺ አትቁጠሪው። ይቅርታውን ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ አሁን ከጀመርኩት ደብዳቤው እዚያው ላይ ይቀራል። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ያለሁት ቻይና ነው፣ ሰሜን ምሥራቁ ላይ፣ ሐርቢን። ለስምንት ሳምንት የክረምት የቋንቋ ትምህርት መጥቼ አምስተኛው ላይ ደርሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አስፈርመውናል፦ ትምህርቱ እስኪያልቅ በክፍልም፣ በመኝታም፣ በምግብ ሰዓትም ከቻይንኛ ሌላ ላንናገር። የተፈቀደው ከቤተሰብ ጋር ብቻ ነው። አንቺ ቤተሰብ ነሽ፣ ስለዚህ ቃሌን አላፈረስኩም። አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ውጭው ግን ነግቷል። አገሩ በሙሉ በቤጂንግ ሰዓት ስለሚሄድ እዚህ ምሥራቁ ላይ ፀሐይ ሰው ሳይነቃ ትወጣለች። አንቺ እንቅልፋሟ ብትሆኚ መጋረጃውን በሚስማር ትመቺው ነበር።

ስለ ከተማው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ወንዙ ሶንግኋ ይባላል፤ ማታ ማታ ዳር ዳሩን ትልልቅ ሴቶች ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ። ትወጂው ነበር። የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው።

ለእያንዳንዳችን የንግግር ጓደኛ ተመድቦልናል። የኔዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ በየማታው አብረን እንቀመጣለን። ትዕግሥቷን ብታዪ! ቻይንኛ አራት ዜማ አለው፤ «ማይ» ስትዪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ መልሰሽ ካነሣሽው መግዛት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ከጣልሽው መሸጥ። ስሳሳት አንድም ቀን ፊቷ አይለወጥም፤ እንደገና ትለዋለች፣ እንደገና እላለሁ። አንድ ማታ ስለኛ ቋንቋ ጠየቀችኝና «አለ» ብዬ ጻፍኩላት። ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖሩ ነው፣ አጻጻፉ ግን አንድ ነው አልኳት። «ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ?» አለች። ከነገሩ እንለየዋለን፣ ሰውየው ምን እያወራ እንደሆነ እናውቃለን አልኩ። በጣም አሰበችበት።

ባለፈው ረቡዕ ዘግይታ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ «ላውላው ዞው ለ» አለችኝ። ላውላው የእናት እናት ናት። የመማሪያ መጽሐፋችን ያስተማረን የአባትን እናት መጠሪያ ነበር፣ «ናይናይ» የሚለውን፤ እነሱ እንደኛ ሁለቱንም አያት ብለው አይጨርሱትም። ላውላውን የማውቃት ከሷ አፍ ነው፣ በየማታው ስለምታወራላት። ዞው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ግስ ነው፣ መሄድ። አያቴ ሄደች። ሁሉም ቃል ገባኝ፣ ደስ አለኝ። ፊቷን አላየሁም፤ የማየው ቃሉን ነበር። ዜማውን አስተካክዬ፣ አንዲት ስሕተት ሳልሠራ፣ «መቼ ትመለሳለች?» አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለያየች፣ «አትመለስም» አለች። እንዲገባኝ ብላ እኮ ነው! በዚያች ሰዓት እንኳ እኔን እያስተማረችኝ ነበር።

እኛም «ዐረፈች» እንላለን። ቃሉን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ከምን ደክማ ነው ቢል አልፈርድበትም። ራሴን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም፣ ፊቷን ማየት ቋንቋ አይጠይቅም ነበርና። ሌሊቱን በባቡር ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ነገ ማታ ትመለሳለች።

መምህራችንን ምን እንደምል ጠየቅኳት። «ጂየ አይ» ይባላል አለችኝ፤ ሐዘንሽን ገታ አድርጊው እንደማለት ነው። የዘወትር ናቸው ተብለው የተዘረዘሩት የቻይና ፊደላት 3,500 ናቸው፣ እኔን እንቅልፍ የነሱኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከላይ ሳይነቃነቅ ይቆያል። «አይ» ከላይ ቀጥ ብሎ ሲቆይ ሐዘን ነው። ከወደቀ ፍቅር ይሆናል። ስፈራ ድምፄ እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ። ከረቡዕ ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እለማመደዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ይወጣል፣ እሷን ሳስብ ይወድቃል። ደግሞ በትክክል ቢወጣስ? ከመጽሐፍ ሸምድዳ መጣች ብትለኝስ?

እና ትናንት ማታ እዚያ ቆሜ ስደጋግመው አንቺ መጣሽብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺን ከማሰብ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ስሸሽ ነው የኖርኩት።

ደውለሽ «አባዬ ዐረፈ» ስትዪኝ ምንም አልጠፋኝም። ቃሉም፣ ድምፅሽም፣ ከኋላሽ የሚያለቅሰው ሁሉ። ሙሉ ቋንቋ ነበረኝ። «እሺ» አልኩሽና ዘጋሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ከዚያ ከሣልስቱ በኋላ፣ ከዚያ ከአርባው በኋላ፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ? እሱ፣ ጋሼ የምለው፣ ለኔ ምን እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አልጽፈውም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚህ የተሻለ አጻጻፍ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ልጠይቅሽ ነው፣ መብቱ ባይኖረኝም። በዚያ ሰሞን ሰው ከተናገረሽ ሁሉ የትኛው ነው የቀረልሽ? ከኔስ ምን መስማት ፈልገሽ ነበር? እንዳይከፋኝ ብለሽ አታለሳልሺው። በኔ ላይ ተቆጥተሽ መቆየት ከፈለግሽ ቆዪ፣ ለሷ ስትዪ ግን መልሽልኝ። ነገ ቀን ላይ ቢደርሰኝ በቂ ነው። ጣቢያ ድረስ ሄጄ ልቀበላት አስቤያለሁ፤ ባቡሩ ሲገባ መድረኩ ላይ ልቁም ወይስ ክፍሏ እስክትገባ ልጠብቅ? አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?

እና ደግሞ የጋሼ ራዲዮ። አሁንም መስኮቱ ሥር ነው ወይስ አነሣችሁት? ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር።

ያንቺዋ