ስንት ጊዜ ሃያ ጻፍን?

ጅማ፣ ነሐሴ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ዝም ያልኩሽ በኩርፊያ አይደለም። በእናትሽ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ «ማታ እደውልላታለሁ» ብዬ ነበር። ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር፤ ከዚያ በኋላ መዘግየቴ ራሱ አሳፍሮኝ ቀረሁ። ይቅር በይኝ። አንቺም ብትሆኚ አልፈለግሽኝም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ጅማ እንደምታውቂያት ናት። አዌቱ ሞልቷል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እኔም እዚያው ዋርድ፣ እዚያው የሌሊት ተራ ላይ ነኝ።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ መጠይቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ መጥቶ፣ ነርሶች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሥራቸው ለመጠቀም ምን ያህል ፈቃደኛ እንደሆኑ የሚጠይቅ ወረቀት አደለን። ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» እየመረጡ ምልክት ማድረግ ነው። ልጁ ደክሞት ስለነበር አሳዘነኝና ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» አልኩለት። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ደግሞ ሁሉንም «አልስማማም» አለች። ለምን ብላት፣ «መጀመሪያ ጓንት ያምጡ» አለችኝ።

ሌሊት ቻርት ስሞላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው መሣሪያ የሚያነበው እኛ የጻፍነውን አይደል? ተማሪ ሳለን ትንፋሽ ሳንቆጥር ለሁሉም 20 ብለን ያደርንባት ሌሊት ትዝ ትልሻለች? በማግስቱ መምህራችን ቻርቶቹን አንድ በአንድ ገልብጦ፣ «ይህ ዋርድ በኅብረት ነው የሚተነፍሰው?» ያለን። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ ይጠይቀናል። ለሠላሳ ታማሚ አንድ አንድ ደቂቃ ቆሞ ደረት ሲነሣና ሲወርድ መቁጠር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ግማሽ ሰዓት ማን ይሰጠናል?

የሚያስፈራኝ የቁጥሩ ምርጫ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የማስጠንቀቂያ ነጥብ፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 የሚተነፍስ ሰው ዜሮ ያገኛል፤ 25 የደረሰው ሦስት፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ታማሚው ያሰጋል ማለት ነው። የደም ግፊቱ ሳይወርድ በፊት ብዙ ጊዜ ትንፋሹ እንደሚፈጥን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሳልቆጥር 20 ስጽፍ ዝም ብዬ ባዶ ቦታ መሙላቴ አይደለም፤ ለመሣሪያው «ይህ ሰው ደህና ነው፣ እለፈው» እያልኩት ነው። እሱም ያምነኛል። ሐኪሙ እንኳ አንዳንዴ ይጠራጠረኛል።

አንቺ ባለሽበት አገርም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት፣ ሴፕሲስን፣ ማለትም ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ የሚመጣውን አደገኛ ሕመም፣ ቀድሞ ይለያል የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሦስት የሴፕሲስ ታማሚ ሁለቱን እንዳልያዘ አሳይቷል፤ እንዲያም ሆኖ ከተኙት መካከል 18 በመቶ በሚሆኑት ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። «ኮምፒውተሩ ሲጮኽ ይውላል» ብለሽ ያማረርሽው ያኔ አልገባኝም ነበር።

እምቢ ባይ ሆኛለሁ ማለቴ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ ላይ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት ኮምፒውተር እንዲያግዝ መክሯል። ያንን ነገ ቢያመጡልን ደስ ይለኛል፤ ራጅ ላይ ማንም ሳያይ 20 አይጽፍበትም።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ መቁጠር ጀምሬያለሁ። ለሁሉም አልደርስም፤ ለከበዳቸው እቆጥራለሁ። ስልክሽ ሰዓት አለው አይደል ትይኝ ይሆናል። ስልክ ይዤ አልጋ አጠገብ ስቆም አስታማሚው ፌስቡክ የማይ እየመሰለው ይገላምጠኛል። ስለዚህ በሚመጣ ሰው፣ ደረት ላይ የሚሰካ፣ የሰከንድ ዘንግ ያለው ሰዓት ላኪልኝ። ሁለት አድርጊው፤ አንዱ ለዚያች ጓንት ጠያቂ ነው። ሰውየው ሲመለስ የሊሙ ቡና አስይዤ እልከዋለሁ፤ ሳይቆላ ነው፣ ራስሽ ቁዪው።

ያቺው የጥንቷ