ካንዴላ የሌለው ሞተር፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የቆየው። ናፍጣ ያለ ካንዴላ፣ ማለትም ያለ ብልጭታ ሰጪው፣ እንዴት ይቀጣጠላል? ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ላደገ ልጅ ከባድ መኪና እንግዳ አይደለም። የደሴው መንገድ የሚያልፈው በከተማችን ነው።

ገና ስንጀምር "በዚህ ዘመን ደግሞ ናፍጣ ምን ይሠራል?" ያሉን ነበሩ። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን እህሉን የሚያመጣው አይሱዙ፣ ማሳውን የሚያርሰው ትራክተር፣ መብራት ያልደረሰበት ገጠር ያለው ወፍጮ ዛሬም በናፍጣ ነው የሚሠሩት። ልጆች በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ውስጡን ልወቅ ሲሉ ሊበረታቱ ይገባል።

መደበኛ ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል። አመራር መርጠናል። በሚኒ ሚዲያ አቅርበናል፤ በሳይንስ ሳምንትም የካርቶን ሞዴል አሳይተናል።

ትምህርቱን የጀመርነው በሳይክል መንፊያ ነው። ጫፉን በጣት ደፍኖ ደጋግሞ መግፋት። መንፊያው ሲሞቅ ሁሉም በእጁ ነካው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ የናፍጣ ሞተር ምስጢርም ይኸው ነው። በቤንዚን ሞተር ነዳጁና አየሩ ተቀላቅለው ይታመቁና ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣቸዋል። በናፍጣ ሞተር ግን ሲሊንደሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ፒስተኑ አየሩን ከነበረው መጠን ወደ 15ኛ፣ አንዳንዴም ወደ 20ኛ እጅ ያምቀዋል። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ናፍጣ ደግሞ በ250 ዲግሪ አካባቢ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፣ ይነዳል።

ተማሪዎቹን በጣም ያስገረማቸው ግን የድምፁ ነገር ነው። የተረጨው ናፍጣ ወዲያው አይነድም። መጀመሪያ መትነንና ከአየሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ጊዜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ነው። በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ነዳጅ ባንዴ ሲነድ ግፊቱ በድንገት ይጨምራል። ያ የምናውቀው የናፍጣ መኪና ኳኳታ የሚመጣው በዋናነት ከዚህ ነው። የዚህ ሞተር ፈልሳፊ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያሳየው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ገደማውን ወደ ሥራ ቀይሯል። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ወደዚህ አይጠጉም ነበር።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ ልውሰዳችሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በእጅ መዘውር የሚነሳ አሮጌ ሞተር ያላቸው አባት አሉ። የሄድነው በእግራችን ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችና "ጋሼ፣ ይቺ ማንሻ ምንድን ናት?" አለቻቸው። "እሷ ካልተነሳች መዘውሩ አይዞርልሽም፣ ካልወረደች ደግሞ ሞተሩ አይነሳልሽም" አሏት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። ማንሻዋን እንድትይዝ ፈቀዱላትና እሳቸው መዘውሩን ያዙ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፤ እሳት የለም። ፍጥነት ሲያገኝ "አሁን ልቀቂ!" አሏት። ለቀቀች። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ አለና ተነሳ።

ልጅቷ በጩኸቱ መሃል "ማንሻዋ ከፍታ የያዘችው ቫልቭ ተዘጋ! አየሩ መውጫ አጣ! ታመቀ፣ ጋለ፣ ናፍጣውን አነደደው!" እያለች ለጓደኞቿ ታስረዳ ጀመር። ሽማግሌው ቆመው አዳመጧት። "እኔ ስንት ዘመን ሳስነሳው ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ተባረኪ ልጄ" አሏት። በማስተማር ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ብዙ አላስታውስም።

እሷው ናት በሚቀጥለው ሐሙስ የአባቷን መኪና ጉዳይ ያነሳችው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ተነስተው ጣርማ በርን ሲወጡ ለምንድን ነው መኪናው ጥቁር ጭስ የሚተፋው? አብረን አሰላነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የናፍጣ ፖምፓው ግን የናፍጣውን መጠን አይቀንስም። ሳይነድ የቀረው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ከቆሸሸ ደግሞ ይብሳል። አባቷ ለወላጆች ቀን ሲመጡ ክፍሉን ጠይቀው መጡና የልጆቹን ሥዕል ቆመው አዩ።

ያልተሳካም አለ። ጋራዥ ልንጎበኝ አስበን በመጓጓዣ እጦት ቀርቷል። ክፍላችን ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ የተሰበሩ ዴስኮች ማስቀመጫ ሆኗል። አንድ መካኒክ የሰጠን አሮጌ ኖዝል ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሚረጨው ናፍጣ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ መሞከሪያ መሣሪያና መከላከያ ሳይኖር ልጆች ፊት አልሞክረውም። ለማልያ በጀት የሚገኝ ከሆነ ለዓይን መከላከያ መነጽርም ሊገኝ ይገባል።

ጋራዥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሥራ ያቆመ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ካላችሁ ለብረት ቁርጥራጭ ነጋዴ ከመሸጣችሁ በፊት አስቡን። ጎኑን ቆርጠን ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ለልጆቹ እናሳይበታለን። የኖዝል መሞከሪያም ያገለገለ ቢሆን ይበቃናል። ፊዚክስ ክፍል መጥታችሁ አነጋግሩኝ፤ ሞተሩን ተሸክመው የሚያመጡ ልጆች ተዘጋጅተዋል።