ላረጀ ጎማችሁ መያዣዬ ሊከፍል አይገባም

ኦገስት 11 ቀን 2025
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ለአርቪ አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተያዘብኝ 1,500 ዶላር እንዲመለስልኝና መንገድ ላይ ያወጣሁት ወጪ እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ

ከጁላይ 3 እስከ 7 ባለ ስድስት ጎማ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ከእናንተ ተከራይቼ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ዛየን ብሔራዊ ፓርክ ስንጓዝ አንዱ የኋላ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀርተናል። መኪናውን ከመለስኩ በኋላ በላካችሁልኝ ኢሜይል «ጎማው የፈነዳው ስለታም ነገር ላይ ወጥቶ ስለሆነ ጉዳቱን የሚከፍለው ተከራዩ ነው» ብላችሁ መያዣዬን ሙሉ በሙሉ አስቀርታችኋል። ይህን አልቀበልም። ምስክሬም ጎማው ራሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ጎማ ጎን ላይ ከሚገኘው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ከመንገድ ያነሳሁት ቁራጭ 3214 ይላል፤ በ2014 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እኛ ስንነዳው 11 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። የመኪናው ሻንሲ (ቤቱ የተሠራበት የታችኛው አካል) የፎርድ ነው፤ ፎርድ ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም ጎማ በስድስት ዓመት ይቀየር ይላል። ስታስረክቡኝ «ጥርሱን እየው፣ አዲስ ነው» ተብዬ ነበር። ጥርሱማ አለ! አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም ጎማው የሚያረጀው ሳያልቅ ነው፤ የቬጋስ ፀሐይ እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል።

የፈነዳው ጁላይ 4 ቀን፣ የሜስኪትን ከተማ አልፈን አይ-15 አውራ ጎዳና የቨርጂን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፦ ግራ ቀኙ ገደል፣ መቆሚያው ጠባብ፣ ስልኩ መጣ ሲሉት የሚጠፋ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አብረውኝ ደግሞ የ74 ዓመት እናቴና ሕፃናት ልጆቼ ነበሩ። ጄኔሬተር አስነስተን ኤሲ ከፈትን፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚስበው ከዋናው ታንክ ስለሆነ ታንኩ ሩብ ገደማ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ውሉ ሙሉ ታንክ ይላል፤ የሰጣችሁን ግማሽ ነው። ይህንንም በርክክቡ ቅጽ ላይ አስጽፌዋለሁ፤ ቀጥሎ ያለችው ከተማ ሴንት ጆርጅ ስንደርስ ልንሞላ ነበር ሐሳባችን።

አሁን ወደ «24 ሰዓት የመንገድ ላይ እርዳታ» ልምጣ፤ በቀን 15 ዶላር የከፈልኩበት። ሦስት ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ ጎታች መኪና መጣ። ሰውዬው በመኪናችን የሾፌር በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ከፍተኛ የክብደት መጠን አነበበ፤ 14,500 ፓውንድ። «የተላክሁት ለትንሽ መኪና ነው፤ ክሪኬም አያነሳውም» ብሎ ጥሎን ሄደ። ስደውል አገልግሎቱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን መኪና እንደማይሸፍን ነገሩኝ። የገዛ መኪናችሁን የማይሸፍን ነገር ለምን ሸጣችሁልኝ? ስዋዋል ቢሮአችሁ ውስጥ «ምንም ብትሆኑ ያላችሁበት ድረስ እንመጣለን» ተብዬ ነበር። በዚያ ቀን ግን ስልካችሁን የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

ያወጣን ወደ ሶልት ሌክ የሚሄድ አንድ ሐበሻ የትራክ ሾፌር ነው። የእናቴን ነጠላ አይቶ ቆመ። ሰላምታ ሳንለዋወጥ የራሱን ሦስት የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል አውጥቶ ከኋላችን ደረደረ፤ እናንተ በሰጣችሁን መኪና ውስጥ አንድም አልነበረም። ያለንበት ድረስ መጥቶ የትራክ ጎማ የሚቀይር ሰው ሴንት ጆርጅ ውስጥ ፈልጎ የደወለልኝም፣ ኮዱን እንዴት እንደሚነበብ ያሳየኝም እሱ ነው። እግዜር ይስጠው።

ለበዓል ቀን ጥሪና ለአንድ አዲስ ጎማ 780 ዶላር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ዛየን ዋችማን ካምፕ ውስጥ ከወራት በፊት ያስያዝነው የመጀመሪያው ሌሊት ከስሮብናል፤ እሱን አልጠይቃችሁም። የላስቲኩ ቅዳጅ እየተገረፈ የሰበረው የጎማ መሸፈኛና የፍሳሽ ቱቦ ግን በእናንተው ጎማ የደረሰ ስለሆነ ከእኔ መያዣ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ መያዣውን 1,500፣ የጎማውን 780፣ ላልተሰጠኝ እርዳታ የከፈልኩትን 60፣ በድምሩ 2,340 ዶላር እስከ ኦገስት 29 እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በክሬዲት ካርዴ ባንክ በኩል ክፍያውን እሟገታለሁ፤ ለኔቫዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመለክታለሁ። የላስ ቬጋስ ጀስቲስ ኮርትም እስከ 10,000 ዶላር ያለውን ክስ በትንንሽ ክሶች ችሎት ያያል፤ ጠበቃም አያስፈልገኝም።

አንድ ከገንዘብ ውጭ የሆነ ጥያቄ አለኝ። የሌሎቹንም ጎማዎች ኮድ አንብቤ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ማንበብ የቻልኳቸው ሁሉ የ2014 ናቸው። ያው መኪና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ለሚውለው የሌበር ዴይ በዓል ሰሞን ሊከራይ በድረ ገጻችሁ ላይ ወጥቷል። ጎማዎቹ ሳይቀየሩ ለማንም እንዳትሰጡት፤ መቀየራቸውንም ከምላሻችሁ ጋር በጽሑፍ አሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር
ተከራዩ

አባሪ፦ የጎማዎቹ ፎቶዎች፣ የጎማ ደረሰኝ፣ የርክክብ ቅጽ፣ የላካችሁልኝ ኢሜይል