ደብዳቤ ለልጄ፦ ቤት ይመታ ብለህ አባትህን አትግደል

አቡሽዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ክረምቱ እንደምታውቀው ነው፤ ጅማ ዝናብ ከያዘች አትለቅም። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ የለበትም።

ዘፈንህን ለእህትህ በቴሌግራም ልከህላት የለ? እሷ ደግሞ አላስቻላትም። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ዜማው ደስ ይላል። ድምፅህም ጠርቷል። አንጀቴን በላኸው። ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ፦

ያለ አባት አድጌ ያላንዳች ከለላ፣
እማ አኖረችኝ እየሸጠች ጠላ።

አባትህ እዚያው ተቀምጧል። ሲኒውን ይዞ፣ በሕይወት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «ዜማው ጥሩ ነው» አለ። ቶናው ሳይቀዳ ግን ተነስቶ ወጣ። ዝናብ እየዘነበ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈኑ ትንፍሽ አላለም።

እኔም ጠላ ሽጬ አላውቅም። ጠላ መሸጥ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ስንቷ እናት በጠላ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። እኔ ግን ያሳደግኩህ በጠመኔ ነው፤ የአማርኛ መምህር ሆኜ፣ አቧራውን ስውጥ ኖሬ። አሁን ጎረቤቶቻችን «ለመሆኑ የት ደብቀሽ ነበር የምትጠምቂው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እህትህ ስትጠይቅህ የመለስክላት ነው ያናደደኝ። «ቤት እንዲመታ ብዬ ነው እንጂ የምሬን አይደለም» አልካት። ልጄ፣ ቤት እንዲመታ ብለህ ያልሆነውን አትበል።

የልብስ ሰፊውን ለቅሶ ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም። አባትህ «የሞተ ነገር አትቀስቅሺ» ስለሚለኝ ነው። ዛሬ ልንገርህ።

እማማ፣ እናቴ፣ አልቃሽ እንደነበረች ታውቃለህ። ተከፍሏት አይደለም። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሰው ሲሞት ይጠሯታል፣ ሄዳ ሙሾ ታወርዳለች። ማንበብ መጻፍ አትችልም፤ ስንኙ ግን ከአፏ ሲወጣ ተደርድሮ ነው የሚወጣው። ታዲያ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ደጁ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሚሰፋ ደግ ሰው። ልጅ አልወለደም። ከሚስቱ ጋር ያልሄዱበት ጠበል፣ ያልረገጡት ሐኪም ቤት የለም። ይኼን እማማ ከሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች፤ ሚስትየዋ ጓደኛዋ ናት። እሱ በድንገት አረፈ። እማማ ድንኳኑ መሀል ቆመች፣ ደረቷን እየደቃች አወረደችው፦

ሲንጀሩ ዝም ብሎ ተዘግቶበት ደጁ፣
አባዬ እያለ ያለቅሳል አንድ ልጁ።

ድንኳኑ ቀጥ አለ። ሚስትየዋ ለቅሶዋን አቋረጠች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «የቱ ልጁ?» አለች። አልጮኸችም። አጠገቧ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት። እማማ ሌላ ስንኝ ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

ሰዉ ደግሞ የኛ ሰው ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አያድርም። «አልቃሿ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው» ተባለ። ሰውዬው አጋሮ ልጅ አለው ተባለ። የልጁ ዕድሜ፣ የእናቱ መልክ ሳይቀር ተወራ። ሚስትየዋ የባሏ አርባ ሳይወጣ አጋሮ ሄዳ በየሰፈሩ ስትጠይቅ ዋለች። አቡሽ፣ ልጅ የለም እኮ! «ደጁ» ስለተባለ ብቻ የተወለደ ልጅ ነው።

እማማ ሚስትየዋ ቤት ድረስ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። «ቃሉ ጎትቶኝ ነው» አለቻት። በአፏ ይቅር አለቻት። ቡና ግን ዳግመኛ አብረው አልጠጡም። እማማም ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት እንደማንኛውም ሰው ጥግ ይዛ ነበር የምትቀመጠው።

እሷ ካረፈች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ የሚመታው ቃል መጣልኝ። «ደጁ» ካልክ «ልጁ» ይቀድምሃል፣ ምላስ የለመደው እሱን ነው። «እጁ» ግን እዚያው ነበር። ሰውዬው ልብስ ሰፊ አይደል?

ሲንጀሩ ዝም ብሎ ተዘግቶበት ደጁ፣
ስንቱን ያለበሰው አረፈ ወይ እጁ።

ይኼን ብትል ኖሮ ሚስትየዋም ደረቷን ትደቃ ነበር። የምነግራት እናት የለኝም እንጂ።

አሁን ወደ ሥራው። በነገራችን ላይ የቤት ኪራይህን ከፍለሃል? መጀመሪያ እሱን ክፈል።

የአማርኛ ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው። ላ በላ፣ ጁ በጁ። ላን በማ ብትመታው አናባቢው አንድ ነው ብለህ ትከራከረኝ ይሆናል፤ ጆሮ ግን እሺ አይልም። መዝገበ ቃላት ቃሉን በመነሻው ነው የሚደረድረው፤ ላንተ የሚያስፈልግህ መድረሻው ነው። ስለዚህ ደብተር ግዛና በመድረሻ ፊደል ክፈለው። ስልክህ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ። ላ ላይ ምን ምን አለ? ጥላ፣ መላ፣ ዱላ፣ ገላ፣ ኋላ፣ ሌላ፣ ተድላ። ባላ አለ! አባትህ ለዚህ ቤት ምኑ ነው? ባላው አይደለም? ባላ ቆሞ እያለ ዘለህ ጠላ ውስጥ ገባህ።

ሌላው፣ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰነፍ ሁሉ በኝ ይመታል። ጣለችኝ፣ ረሳችኝ፣ ገደለችኝ። እዚያ የገጠመው ቅጥያው ነው፤ ቃሉ አልገጠመም። ግሡን ወደ ውስጥ አስገባው፣ ስሙን ጫፍ ላይ አውጣው። «ጠላ እየሸጠች» ሳትል «እየሸጠች ጠላ» ማለትህ እሱን አውቀህበታል። ቀለሙንም፣ የድምፅ ምቱን፣ ቆጥሬዋለሁ፤ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ነው፣ የወል ቤት የሚባለው፣ አንድም አልጎደለም። ጎበዝ። ያስተማርኩህ ከንቱ አልቀረም። ውሸት ሆነብን እንጂ።

ከፈለግክ በአምስት አምስት፣ በሰንጎ መገን ሞክር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንኳ በስምንት ስምንት ቀለም እየገጠመ የራሱን ቤት አቁሟል፤ «የጸጋዬ ቤት» የሚባለው እሱ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ ሁለት ስንኝ አሳምር። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ እሱም ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያ ቀን የሚዘርፍ የለም።

ዋናውን ስማኝ። የባላገሩን እንጉርጉሮ አስተውለህ ከሆነ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ጋራው፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ወንዙ ነው። ጉዳዩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ቤት የማምጣቱ ሥራ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስንኝ መጀመሪያ ጻፈው፤ እውነቱን። ከዚያ ለሱ የሚመታ የአወቱን ወንዝ አምጣ፣ ጅሬንን አምጣ፣ የፈለግከውን አምጣ። ጅሬን ላይ ብትዋሽ ተራራው አይከፋውም። እማማ ውሸቱን ሁለተኛው ላይ አስቀመጠችው፤ አንተም እንደዚያው። በደም ነው መሰለኝ የምትወርሱት። ቤት እንዲመታ ብለህ ያልሆነውን አትበል፤ በተለይ በሁለተኛው ስንኝ።

የአጎትህ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ነግሮኛል። ሌሊቱን ጫት ይዘህ እየጻፍክ፣ ጠዋት ሥራ እየቀረህ ነው አሉ። እውነት ነው? ጅማ ተወልደህ ያደግክ ልጅ ነህ፣ ስለ ጫት እኔ አልነግርህም። ስንቱ ጎበዝ ሲበላሽ አይተናል። ማታ ማታ እራትህን ብላ፣ ተኛ። ለጉሮሮህ ማር በሞቀ ውሃ አድርገህ ጠጣ። ነገ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ማርና ቡና እገዛልህና ዓርብ በሚነሳው አውቶቡስ እልክልሃለሁ፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ሾፌሩን አታስጠብቀው።

ለአባትህ ደውልለት። ስለ ዘፈኑ አታንሳ፣ ጉልበቱን ጠይቀው። እሱ ካነሳው ግን አትሽሽ። ከዚያ ያቺን ቦታ ቀይርና መልሰህ ቅዳት። ስቱዲዮው ድጋሚ ብር ከጠየቀህ ለእኔ ንገረኝ፤ ለእሱ እንዳትነግር። ቤት እንዲመታ ብለህ ደግሞ ያልሆነውን እንዳትል፣ በማርያም!

የማሩን ባልዲ በዚያው አውቶቡስ መልሰው። ክዳኑን እንዳትጥል፣ የጎረቤት ነው።

እናትህ