ኤሊኮት ሲቲ ስለምናያት ቀይ ፉርጎ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በዚህ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ሜሪላንድ፣ ኤሊኮት ሲቲ እንሄዳለን። የምናየው የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው። እዚያ በ1927 የተሠራች ቀይ ፉርጎ አለች፤ አሜሪካኖች «ካቡስ» የሚሏት። ዋናው ጉዳያችን እሷ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አንዳንዶቻችሁ «የአማርኛ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ ባቡር ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ጣቢያው ራሱ ታሪክ ነው። የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ የመጀመሪያ መስመሩን ከባልቲሞር እስከዚህች ከተማ ዘርግቶ በ1830 ሥራ ጀመረ። ርቀቱ 13 ማይል ያህል ነበር። መጀመሪያ ላይ ሠረገላዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ያ የድንጋይ ጣቢያ ዛሬም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሳይፈርሱ ከቀሩት የባቡር ጣቢያዎች በዕድሜ የሚበልጠው የለም።

ካቡስ ደግሞ በጭነት ባቡር ጭራ ላይ የምትቀጠል የሠራተኞች ክፍል ነበረች። የባቡሩ ኃላፊ፣ ማለትም ኮንዳክተሩ፣ የጭነቱን ወረቀት የሚሠራው እዚያ ነው። ጠረጴዛ፣ ጋደም የሚሉበት አግዳሚ፣ ፋኖስ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ የከሰል ምድጃ ይኖራታል። የምድጃው አናት ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ባቡሩ ሲነሳና ሲቆም በፉርጎዎቹ መጋጠሚያ ያለው ክፍተት አንድ በአንድ እየተሳበ ይመጣና መጨረሻ ላይ ያለችውን ካቡስ ክፉኛ ይንጣታል። ጠርዙ ባይኖር የፈላው ቡና ሰው ላይ ይደፋል። በዚህ ንጠት ብዙ ሠራተኛ ተጎድቷል።

ብዙዎቹ ካቡሶች ጣሪያቸው ላይ መስኮት ያላት ትንሽ ማማ አለቻቸው። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሥራው ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መከታተል ነው። በዚያ ዘመን የፉርጎ ኩሽኔታ ዘይት የሚያገኘው በዘይት ከራሰ የጥጥ ብጣሽ ነበር። ዘይቱ ካለቀ ብረቱ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ዝም ከተባለ አክስሉ ተቆርጦ ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። ጭሱን ቀድሞ የሚያየው፣ ሽታውንም ቀድሞ የሚያሸተው ማማው ላይ ያለው ሰው ነው። ባቡሩ ያልታሰበ ቦታ ከቆመ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ ቀይ ባንዲራና ፋኖስ ይዞ በእግሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ሌሊት ቢሆን ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣው ባቡር እንዳይገጫቸው ሐዲዱ ላይ ጎማ ሲረግጣት የምትፈነዳ ትንሽ ፈንጂ ያስራል። ሾፌሩ በጥሩምባ ሲጠራው ይመለሳል።

ከሁሉ የከፋው ፍሬኑ ነበር። ድሮ ፍሬን የሚያዘው በእጅ ነው። ሠራተኞቹ በሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዘለሉ መዘውሩን ያጠብቃሉ። ስንቱ ወድቆ ቀርቷል። ፉርጎዎችን ሲያጋጥሙም ጣታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ የአየር ፍሬን አስመዘገበ። ግን ፈጠራ ስላለ ብቻ ሁሉም ኩባንያ አልገዛም። ሎሬንዞ ኮፊን የሚባል የአይዋ ገበሬ አንድ ሠራተኛ ጣቶቹን ሲያጣ ዓይኑ እያየ፣ ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሙሉ ስለ ሠራተኞቹ ተሟገተ። በመጨረሻ በ1893 ኩባንያዎቹን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ልጆቹ ይህን ሰው እንዲያውቁት በጣም እፈልጋለሁ። ባቡር ሠራተኛ አልነበረም፤ የሰው ጉዳት ግን አላስተኛውም።

በ1980ዎቹ ካቡስ ከሥራ ወጣች። በቦታዋ የአየር ፍሬኑን ግፊት ለሾፌሩ በሬዲዮ የሚነግር ትንሽ ሳጥን ተተካ፤ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በኤሊኮት ሲቲ ጣቢያ አጠገብ ያለው ሐዲድ ዛሬም የጭነት ባቡር ያልፍበታል። ዕድል ከቀናን ልጆቹ ሳጥኑን በዓይናቸው ያዩታል።

ካቡሶቹስ? አብዛኞቹ ለቁራጭ ብረት ተሸጡ። ከቀሩት ብዙዎቹ ለከተሞችና ለሙዚየሞች ተሰጡ። የእንጨት ፉርጎ ውጭ አቁሞ ማቆየት ቀላል አይደለም። ውሃ በጣሪያውና በማማው ስፌት ይገባል። ቀለሙ ከላይ ያምራል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ቀለም ደራርቦ መቀባት ጥገና አይባልም። መጀመሪያ ጣሪያው ይደፈናል፣ የበሰበሰው ሳንቃ ይወጣል፣ የብረቱ ዝገት ይጠረጋል። ይህን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

እኛን የሚያገናኘን እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችሁ ድሬዳዋ ያደጋችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ምድር ባቡር የሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእኛ ሐዲድ በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ባቡሩ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2016 ተመረቀ፤ ከድሮዎቹ ፉርጎዎችና ሎኮሞቲቮች ብዙዎቹ ግን ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ቆመዋል። እነሱም ጣሪያና የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋሉ። ልጆቻችን የሰው አገር ፉርጎ እንዴት እንደተጠበቀ ካዩ፣ ስለ ራሳችን የሚጠይቁት ጥያቄ ይኖራቸዋል። ጥያቄውን የሚመልሱላቸው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቤታችሁ ውስጥ የምድር ባቡር ፎቶ፣ የሥራ መታወቂያ፣ ትኬት፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ እንኳ ካለ አትጣሉት። ዋናውን እቤት አስቀምጡት፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። መስመሩ ላይ የሠሩ አባባ ወይም እማማ ካሉም አብረውን ይምጡ፤ መኪና እኛ እናዘጋጃለን። ልጆቹ በአማርኛ ይጠይቋቸዋል፤ ሐዲድ፣ ፉርጎ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ከአሁኑ እያስጠናናቸው ነው።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ እንነሳለን፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ምሳ ቋጥሩላቸው፤ ጾመኛ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩን። ሽፍን ጫማ ያድርጉ። የድሮ ባቡር ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ የተላጠ ቀለም እንዳይነኩ፣ ከምሳ በፊትም እጃቸውን እንዲታጠቡ ንገሯቸው፣ እኛም እንከታተላለን። ሐዲዱ ባቡር የሚያልፍበት ስለሆነ ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል። መምጣት የምትችሉ እስከ ሐሙስ ማታ በስልክ መልእክት አሳውቁን። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ በልጃችሁ ቦርሳ መላክ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር