የቁም ጽሕፈት ክበብ ዘገባ፦ ከመቃ እስከ ጥራዝ

በመቃ ብርዕ የሚጻፈውን ባህላዊ የእጅ ጽሕፈት፣ ቁም ጽሕፈትን፣ የሚያስተምረው ክበባችን ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ ቆይቷል። አብዛኞቹ አባላት የተመዘገቡት ስማቸውን በሚያምር ፊደል ለመጻፍ ነበር። እስከ ኅዳር ግን ማንም ስሙን አልጻፈም። ሁለቱ ወራት ያለቁት አንድ ቋሚ ሰረዝ ከላይ ወደ ታች፣ በእኩል ውፍረት፣ ገጽ እስኪሞላ በመድገም ነው። በጥቅምት የቀሩ ነበሩ። የቀጠሉት ዛሬ ትእዛዝ ተቀብለው የሚሠሩ ጸሐፊዎች ሆነዋል፤ እያንዳንዳቸውም የመጀመሪያውን ቀን ገጽ ቀኑን ጽፈው አስቀምጠዋል። በሰኔው ዐውደ ርእይ ተመልካች ረዘም ላለ ጊዜ የቆመው ይህ የመስከረም ገጽና በግንቦት የተጻፈው ገጽ ጎን ለጎን በተሰቀሉበት ግድግዳ ፊት ነው።

ሥራው ከብርዕ ይጀምራል። መቃው በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥቡን መቅረጽ ቀላል ቢሆንም ሲደርቅ ይኮማተርና አፉ ይጣመማል። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ተቆርጦ ጣሪያ ሥር የከረመውን ተጠቀምን። ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ነው። በሰያፍ ይቆረጣል፣ የውስጡ ልስልስ ክፍል በምላጭ ይፋቃል፣ ከዚያ አፉ መሐል ለመሐል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ካጠረ ቀለም አይወርድም፤ ከረዘመ አፉ ይከፈትና ቀለሙ ባንዴ ይፈስሳል። በመጨረሻ ጫፉ ጠንካራ እንጨት ላይ ተጋድሞ በአንድ ምት ይቆረጣል። በሁለት ምት የተቆረጠ አፍ ጥርስ ያወጣል፣ ጥርሱም ወረቀቱን ይቧጭራል። ለልምምድ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፍ ተስማምቶናል።

በቁም ጽሕፈት ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የብርዑ አያያዝ ነው። አፉ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ታች ሲጎተት ሙሉ ስፋቱን ይሰጣል፤ ወደ ጎን ሲሄድ በስለቱ ብቻ ይጽፋል። በመጫን ሊያወፍር የሚሞክር ሰው ብርዑን በሳምንት ይጨርሰዋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን «ሉ» እና «ሊ» ነው። የፊደሉ ቁመት 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ የካዕቡ ቅጥያ በቀኙ እግር ላይ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ የሣልሱ እግሩ ሥር መስመሩ ላይ ያርፋል። ካዕቡ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ አንባቢ «ሊ» ብሎ ያነበዋል። በራብዑ «ላ» ደግሞ ጀማሪ ቀኙን እግር ከመስመር በታች ያስረዝማል፤ ትክክሉ ቀኙን መስመሩ ላይ አቁሞ ግራውን ማሳጠር ነው። የኃምሱ «ሌ» ቀለበት ቀለም ሲወፍር ይደፈናል። ክፍተቱን ለመፈተሽ ገጹን ዘቅዝቆ ማየት ይጠቅማል። ዓይን ማንበቡን ሲተው ጥቁሩና ነጩ እኩል መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይታያል።

የቀደሙት ጸሐፍት ቀለም ለመሥራት ጥላሸቱን ከተቆላ እህል ጋር ፈጭተው ለወራት ያብላሉት ነበር። እኛ ለትምህርት ዓመቱ እንዲደርስ አጭሩን መንገድ ያዝን፦ 5 ግራም የኩራዝ ጥላሸት፣ 5 ግራም የግራር ሙጫ፣ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሙጫው ለብ ባለ ውሃ አድሮ በሻሽ ይጠለላል። ጥላሸት ቅባት ስላለበት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም፤ በመጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አልኮል ማርጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ ከሙጫው ውሃ በማንኪያ እየተጨመረ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይታሻል። ሙጫ ካነሰ ቀለሙ ደርቆም ጣት ያጠቁራል፤ ከበዛ ይሰነጣጠቅና ይረግፋል። እንዳይሻግት 2 ፍሬ ቅርንፉድ ጨምረንበታል።

ለብራናው የገና ማግስት ቆዳ ተገዛ። የመጀመሪያው የበግ ነበርና አልሆነም፤ የበግ ቆዳ ስብ ይበዛበታል፣ ቀለም አይዝም፣ ሲፋቅም ንብርብሩ ይላቀቃል። ሁለተኛው የፍየል ነበር። ሦስት ቀን ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ በበርሜል ተነከረ። ጠርዙ በወስፌ እየተበሳ ከባሕር ዛፍ በተሠራ መወጠሪያ ላይ በገመድ ታሰረ። ቀኝ አንድ ሲታሰር ግራ አንድ መታሰር አለበት፤ ባንድ ወገን ከተጀመረ ቆዳው ይዛነፋል፣ ከቀዳዳው ይቀደዳል። የሥጋው ወገን እርጥብ ሳለ ይፋቃል፤ የመፋቂያው ጥግ ክብ ካልሆነ ቆዳውን ይበሳዋል። በገፈፋ ጊዜ ቢላ የነካው ትንሽ ጭረት እንኳ ሲወጠር እንደ ዓይን ይከፈታል፤ በጥንት ብራናዎች ላይ ጽሕፈቱ ዞሮ የሚያልፈው ቀዳዳ አንዳንዱ እንዲህ የመጣ ነው። ከዚያ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ይታሽበታል፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ይደርቃል፣ ጠጉሩም በተራው ይፋቃል። ቆዳው የሚነጣው ተወጥሮ ስለሚደርቅ ነው፤ ሳይወጠር የደረቀ እንደ ቀንድ ግትርና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ይህ የበጋ ሥራ ነው። በክረምት እርጥበት ሳይደርቅ ይሸታል።

ከዚያ ቆዳ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 4 ድርብ ቅጠሎች ወጡ። ሲታጠፉ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ፣ ማለትም አንድ ጥራዝ ናቸው። የጠጉሩ ወገን ብጫ ስለሚል ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ እንዲተያይ ተደርጎ ይደረደራል። መስመሩ በወስፌ ጫፍ ታትሞ ይሰመራል፣ ቀለም አይነካውም። የተሰፋው በሰም በታሸ ክር ነው፤ የሽፋኑ ገበታም የዋንዛ እንጨት ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ለጠየቁ ተማሪዎች በትግራይ የሚገኙትን የአባ ገሪማ ወንጌሎች ጠቅሰናል፤ የራዲዮካርቦን ምርመራ ብራናቸውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የምሥራቅ ጎጃም ጥንታውያን ገዳማት ዲማና መርጡለ ማርያም ቅርባችን ስለሆኑ የብራናን ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ከየካቲት ጀምሮ ክበቡ የስም ካርድና የምስክር ወረቀት ትእዛዝ ተቀበለ። ገዢ የሚመለሰው ዐሥረኛው ካርድ የመጀመሪያውን ሲመስል ነው፤ የመስከረሙ ሰረዝ ጥቅሙ እዚህ ታየ። ትልቁ ስሕተት የመጣው ከሞክሼ ፊደላት ነው። «ኃይሉ» ወይስ «ሀይሉ»? «ፀሐይ» ወይስ «ጸሐይ»? አዛዡ የለመደውን ሳይጠይቁ ጽፈው እንደገና የተሠሩ ካርዶች አሉ። አሁን አዛዡ ስሙን በገዛ እጁ በትእዛዙ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ዋጋውም የሚወጣው የወረቀቱ፣ የቀለሙና የፈጀው ደቂቃ በደብተር ተመዝግቦ ነው። መስመር ማስመሩንና ማድረቁን ያልቆጠረ ጸሐፊ ግማሽ ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል፤ ይህን አባሎቻችን በመጋቢት የሂሳብ መዝገብ ላይ በዓይናቸው አይተውታል።

የመጪው ዓመት መቃ በሐምሌ ይቆረጣል። በተቆላ ገብስ የሚብላላው የቀለም ማሰሮ በግንቦት ተደፍኖ ክፍሉ ጥግ ተቀምጧል፤ መስከረም ላይ ይከፈታል። አዲስ ተመዝጋቢ አንድ ምላጭ፣ አንድ ማስመሪያና 50 ገጽ መስመር የሌለው ወረቀት ይዞ ይምጣ።