ስምንቱን ለምን አልተውም

ልጄ፣

ትናንት በስልክ ስለ ገደል መውጣት ስናወራ «አባዬ፣ የስምንት ቁጥሩን ቋጠሮ ስፈታ ጣቴ ተላጠ፤ ለምን በሌላው ቋጠሮ፣ በቦውላይን፣ አልታሰርም?» አልሽኝ። ዝም ያልኩት ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ ነው።

እውነትሽን ነው። ቦውላይን ክብደት ካረፈበት በኋላም በቀላሉ ይፈታል። ጣጣው ሳትፈልጊም ሊላላ መቻሉ ነው። በተለይ ገመዱ ግትር ከሆነና ክብደት ሳይዝ ከተወዛወዘ። ስህተት የታሰረውም ከትክክለኛው ጋር ይምታታል። ስምንቱ ግን ገመዱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ጎን ለጎን ስለሚሄድ፣ ገመድሽን የሚይዘው ጓደኛሽ አንዴ አይቶ ይለየዋል። ለሰው የሚታሰር ቋጠሮ ሁለት ሰው የሚያነበው መሆን አለበት። ለዚህ ስል ጣትሽ ቢላጥም አልከፋም!

ስምንቱን ስታስሪ ገመዱን በመውጫ ቀበቶሽ የወገብም የእግርም ማሰሪያ በኩል አሳልፊው፣ አጥብቂው፣ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ጫፍ ተይለት።

ዕቃ ላይ ስታስሪ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛፍ ከሆነ ቦውላይንሽን እዚያ ተጠቀሚበት፤ ጫፉን ግን በሌላ ቋጠሮ አጠናክሪው። መልሕቅ ላይ፣ ማለትም ገመዱ ከዐለቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ፣ ቆመሽ ራስሽን ከካራቢነር (ከሚከፈትና ከሚዘጋው የብረት ቀለበት) ጋር ስታያይዢ ደግሞ ክሎቭ ሂች የሚባለው ቋጠሮ ይሻላል፤ ሳትፈቺው ታስረዝሚዋለሽ፣ ታሳጥሪዋለሽ። ከገመዱ መሀል ቀለበት ከፈለግሽ የቢራቢሮ ቋጠሮውን እሰሪ። ሸምቀቆ ግን ሰው ላይ በፍጹም።

አሜሪካዊቷን ገደል ወጪ ሊን ሂልን ታውቂያታለሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ገመዱን በቀበቶዋ አሳልፋ፣ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ሐሳቧ ወደ ሌላ ሄደ። ጫፍ ደርሳ ለመውረድ ወደ ኋላ ስትደገፍ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። ያተረፋት ዛፍ ነው። በ1993 ደግሞ «ኖዝ» የሚባለውን የኤል ካፒታን፣ የአሜሪካው ትልቅ ገደል፣ መንገድ ገመዱን ለመውደቅ መከላከያ ብቻ ይዛ በእጅና በእግሯ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። እሷን የመሰለች ከረሳች እኔና አንቺማ አናወራም። እና ማሰር ከጀመርሽ ጫማሽም ወሬውም ይጠብቅ።

ለጣትሽ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። የጠበቀውን ስምንት በጥፍርሽ አትታገይው። በሁለት እጅሽ ይዘሽ እንደ እንጨት ልትሰብሪው ያህል ወዲህና ወዲያ እጠፊው። ከዚያ የውጭውን ጥምዝ በአውራ ጣት ግፊው። እንቢ ካለሽ እስክትመጪ ተይው፣ እኔ እፈታዋለሁ።

አባትሽ